ከኋላ የሚያልፉት

አጎቴ ወንጂ አገዳ ቆራጭ ነበሩ። በደርግ ጊዜ በሠራተኞች ክበብ አንድ አሮጌ የፊንላንድ የገጠር ፊልም አብረን አየን። ሰው ሁሉ ለባለርስቱ ልጅ ፍቅር ሲያለቅስ፣ እሳቸው ከኋላ ድርቆሽ ተሸክማ የምታልፈውን ፀጉረ ጥቁር ሴት አሳዩኝ።

«ይቺስ ማን ትባላለች?»

«ስሟን አልጠሩትም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እኛ እናውጣላት። ጫልቱ ትሁን፤ አረማመዷ የጎረቤታችንን ነው።»

ከዚያ ወዲህ በየፊልሙ ሸክም ይዞ ለሚያልፍ ሁሉ፣ አንዱን ከምባታ፣ ሌላውን ወሎዬ እያደረጉ ስም ያወጡ ነበር። እኔ ደግሞ «ፊልሙን አላሳይ አሉኝ እኮ» እያልኩ እነጫነጭባቸው ነበር።

ባለፈው እሁድ አርባቸው ወጣ። ትናንት አዳማ ቤታችን ቴሌቪዥን ላይ አንድ ዘበኛ በር ከፍቶ አለፈ። ወደ ባዶው ወንበራቸው ዞሬ ጠበቅኩ።

ለዘበኛው የእሳቸውን ስም አወጣሁለት።