ወንድም ጋሼ የእንጉዳይ መድኃኒት የወሰደ ዕለት

ታላቅ ወንድሜን ወንድም ጋሼ ነው የምለው። ወደ ሜልበርን ስፖንሰር አድርጎ ያመጣኝ እሱ ነው። መጋዘን ሲሠራ የዕቃ ክምር ወገቡ ላይ ወደቀበት፤ ኦፕሬሽን አደረጉለት፤ ለሕመሙም ኃይለኛ እንክብል ሰጡት። ወገቡ ሲሻለው እንክብሉን መተው አቃተው። ሐኪሞቹ ሲከለክሉት ከሰው መግዛት ጀመረ። በኋላ ሜታዶን የሚባል የሱስ ማስታገሻ ፈሳሽ ታዘዘለትና በየጠዋቱ ኮሊንግዉድ ሰፈር ካለው የፎቅ ቤቱ እየወረደ ፋርማሲ ሄዶ ይጠጣል፤ እንክብሉን ግን ጨርሶ አልተወም። ሁለት ጊዜ ዲቶክስ የሚባለው የሱስ ማስወጫ ቦታ አስገብቼዋለሁ። ሁለቴም ተስፋ አድርጌ ነበር። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ስለዚህ ትራያል የሚሉት አዲስ የመድኃኒት ሙከራ ውስጥ ሊገባ እንደሆነ ሲነግረኝ ደስታ አልተሰማኝም።

"ከእንጉዳይ የሚወጣ፣ ራእይ የሚያሳይ መድኃኒት ነው" አለኝ። "ከወሰድኩት በኋላ ሁለት የሥነ ልቦና ሐኪሞች፣ ቴራፒስቶች፣ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ሌላው በፊትም በኋላም ከእነሱ ጋር መነጋገር ነው።"

"ሱስን በሌላ ዕፅ?"

"እኔም እንደዚያ ብያቸዋለሁ። ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ እንደምነግራቸው እንጃ።"

መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ራሱ መንዳት ስለማይችል ወደ ቤት የሚያደርሰው ሰው ያስፈልጋል። ሳይጠይቀኝ ቅጹ ላይ የእኔን ስም ሞልቶ ነበር።

የምሠራበት የአረጋውያን ቤት አንድ ቀን ፈቃድ ሰጠኝ። ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ከምንኖርበት ከፖይንት ኩክ ተነሣሁና እሱን ከቤቱ ወስጄ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ አደረስኩት። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ብርድ ልብስና የዓይን መሸፈኛ ነበር። አንድ ሴትና አንድ ወንድ ቴራፒስት በፈገግታ ተቀበሉት። እኔ ወደ መኪናዬ ተመልሼ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛሁት፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዓይኑ ቀልቶ፣ ቀስ እያለ ወጣ። ወደ ቤቱ ይዤው ነዳሁ።

"ኤርፖርት የተቀበልኩሽ ቀን ታየኝ" አለኝ። "ጉንጭሽ ሙሉ ነበር። አሁን አየሁሽ፤ ከስተሻል። ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ?"

በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ማልቀስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ተናደድኩ።

"አንተ ዛሬ ሁለት ሰው አጠገብህ ተቀምጦልሃል። እኔ አጠገብ ማን ተቀምጦ ያውቃል?"

ቶሎ ይቅርታ የሚል፣ ቶሎ የሚምል ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን አልማለም።

"ማንም" አለ። ቀጥሎም "አሁን ምን ብታገኚ ደስ ይልሻል?" ሲል ጠየቀኝ።

"መተኛት።"

ቤቱ ስንደርስ ባለቤቴ ልጆቹን ትምህርት ቤት ካለው ማቆያ እንዲያመጣ ደወልኩለት። ወንድም ጋሼ አልጋውን ለቀቀልኝና ራሱ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። ከነጫማዬ ተኛሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥራ ላይ እያለሁ ደወለልኝ። "ትናንት እንክብል ወሰድኩ" አለኝ። ድሮ እንዲህ ዓይነቱን ነገር የማውቀው የደበቀውን ፍለጋ ፍራሹን ገልብጬ ነበር። "ለቴራፒስትህ ንገራት" አልኩት። ነግሯት ነበር።

ዳነ ብዬ ለሰው አላወራም። ሐኪሞቹም ውጤቱን ገና እናያለን ነው የሚሉት። ሜታዶኑን አሁንም ይጠጣል፤ መጠኑ ጥቂት ተቀንሶለታል። ከዚያ ስልክ ወዲህ እንክብል አልወሰደም፤ እንደ ነገረኝ ከሆነ። ማክሰኞ ማክሰኞ ቴራፒስቷ ጋ በትራም ብቻውን ይሄዳል። ፍራሹን መገልበጥ ትቻለሁ። ስለማምነው ይሁን ጉልበቱ ስለሌለኝ፣ እስካሁን አልለየሁትም።