እናት በጎቹን አልሸጥሁም

«የልጇን ላብ ለበግ ገበረችው» ይሉኛል። ይበሉ። ሰርግ ቤትም ብለውኛል፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይም ብለውኛል። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁ፤ ፊደሌ የልጅ ፊደል ነው። ቢሆንም ሌላ ሰው እንዳይጽፍልኝ ብዬ ራሴ ልጽፈው ተቀመጥሁ።

ልጄ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዝሁትን ጥዬ እሮጣለሁ። ከኛ ሰፈር ሄደው ድምፃቸው የጠፋ ልጆች አሉ፤ እናቶቻቸውን አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ «ፈሪ ነሽ» የሚለኝ ካለ፣ አዎ ነኝ። ፈሪ ሁሉ ይታዘዛል ያለው ግን ማነው?

እኛ ዘንድ ልማዱ እንዲህ ነው። ልጅ ብር ስትልክ መካነ ሰላም ከተማ ቦታ ይገዛላታል፣ ቆርቆሮ ቤት ይቆምላታል፣ ፎቶው ይላክላታል። እሷም ፎቶውን እያየች ለሲሚንቶው ሁለት ዓመት ትጨምራለች፣ ለበርና ለመስኮቱ ደግሞ ሁለት ዓመት። በመጨረሻ ትመጣለች። ቤቱ ውስጥ ትቀመጣለች፤ የምትሠራው የለም። የያዘችውን በልታ ስትጨርስ በሩን ቆልፋ ተመልሳ ትሄዳለች። ገበያ በወጣሁ ቁጥር በነዚያ የተቆለፉ በሮች አጠገብ ነው የማልፈው።

እኔ በመጀመሪያው ብሯ የሚወልዱ በጎች ገዛሁ። ወንዶቹን እያደለብሁ እሸጣለሁ፣ እናቶቹን አልነካም። የሌሎቹ እናቶች የሳሎን ፎቶ ሲልኩ እኔ የበግ ፎቶ ላክሁ። ጓደኞቿ ስልኳን እየተቀባበሉ ሳቁባት አሉ። «ያንቺ ቤት ጅራት አለው!» ብለዋት።

ባሌ ከሞተ ወዲህ በቤቴ አዛዥ ነኝ የሚሉት ታላቅ ወንድሙ ናቸው። ዘንድሮ አምስት ወንድ በጎች አደለብሁ። ለአረፋ ገበያው ሊቆም አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ድፍን አሞሌ ጨው በከረጢት ይዘው መጡ።

«ይኸን አልሻቸው» አሉኝ። «ጠዋት ውሃ ሲያገኙ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ይነፋል። አምስቱንም ቁርስ ሳይደርስ ትሸጫቸዋለሽ።»

«አላደርገውም፣ አያ።»

«ሁሉም ያደርገዋል። ገዢውም ያውቃል።»

«ካወቀማ ለምን በጓሮ ይልሳሉ? እስቲ አንቱ ነገ ገበያው መሀል ቆመው ያልሱልኝ።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልቆየም። «ልጅሽ እዚያ የሰው ወለል ላይ ትንበርከክ፣ አንቺ እዚህ ለገዢ እዘኚ!»

ይህቺ ገባችብኝ። ልጄ ውሏ የሚያልቀው ከአረፋ ማግስት ነው። አሠሪዎቿ ሌላ ሁለት ዓመት ፈርሚ ብለዋታል፤ እሷም «የበጎቹን ገበያ ልስማና እመልሳለሁ» ብላቸው ነበር። አምስቱ ደኅና ካወጡ ትመጣለች። ካላወጡ ትፈርማለች። ያ ረቢ፣ ልጄን በአምስት በግ ሆድ ላይ አስቀመጥኋት።

ጨዉን ያልነካሁት ቅድስት ስለሆንሁ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት አድርጌዋለሁ። አንዲት ባልቴት ነበሩ የገዙኝ፣ ለአረፋ እርድ። በሳምንቱ ገበያ ላይ መጡ። አልጮኹም። «ልጄ፣ በጉ ሲያስቀምጠው አደረ። የታመመ አይታረድም ብለውኝ በዓሉን ያለ እርድ ዋልሁ» ብቻ አሉኝ። በዓመቱ አንድ ጠቦት ጎትቼ ቤታቸው ወሰድሁ። ተቀበሉኝ፤ ግቢ ግን አላሉኝም። እስከ ዛሬም ሰላምታ አይሰጡኝም። በጉ ተተክቷል፣ የዋለው በዓል ግን በምን ይተካል?

ስለዚህ ጨዉን ተቀብዬ ቆጥ ላይ ሰቀልሁትና ለበጎቹ ድርቆሻቸውን ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ገበያው ለኔ ክፉ ነበር። ገዢዎች ላቱን ጨበጡ፣ ወገቡን ዳሰሱ፣ ደኅና ነው አሉ። ከዚያ ሆዱን ነካክተው «ይህ ምን በልቶ ያውቃል?» እያሉ ከጎኔ ወዳሉት ወደ ተነፉት ሄዱ። አንዱ ጎረምሳ ነጋዴማ «እትዬ፣ እርስዎም በጎቹም ጾመኛ ናችሁ እንዴ?» ብሎ አሳቀብኝ። ሁለት ሸጥሁ፤ እነሱንም በቅናሽ። ሦስቱን እየጎተትሁ ተመለስሁ። አያ ከኋላዬ እያጉረመረሙ ይከተሉኛል።

መንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ። ቁጭ አልሁ፤ ድንጋይ ይሁን መሬት አላየሁም።

«እማ፣ ገበያው እንዴት ዋለ?»

አያ ጎንበስ ብለው «ምንም አልተሸጠም፣ ፈርሚ በያት» አሉኝ። የኔ ሆድ ደግሞ ሌላ ይለኛል፤ ሁሉም ተሸጠ በያት፣ ትምጣልሽ፣ ከመጣች በኋላ ምን ታደርግሻለች ይለኛል። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። በዚያች ደቂቃ ጨዉ በጄ ያለ መሰለኝ።

«ሁለት ነው የተሸጠ» አልኋት። «ሦስቱ እዚህ ናቸው፣ እየጎተትኋቸው ነው።»

«ይሰማኛል ድምፃቸው። እናቶቹስ?»

«አሥራ አንድ አሉ። ሦስት በሳል ሞተውብኛል። ክረምት ላይ ነው፤ አልነገርሁሽም ነበር።»

 

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቀሪብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነዋ!»

«እማ፣ እዚህ አብረውኝ ያሉት ልጆች ከቤታቸው የሚመጣላቸው ሁሉ ደኅና ነው፣ ሁሉ አማረ ነው። እኔም እስከ ዛሬ በጎችሽን አላምናቸውም ነበር። ሦስቱ ሞቱ ካልሽኝ ግን አሥራ አንዱ አሉ ማለት ነው። አልፈርምም። ያለቻትን ይዛ ትጀምራለች በይልኝ።»

«ለማን ነው የምልልሽ?»

«አያ አጠገብሽ ሲያንሾካሽኩ ሰማኋቸው፤ ለሳቸው ነዋ!»

አያም ሰምተዋል። ቀድመውኝ ሄዱ፤ ይኸው እስከ አሁን ቤቴን አልረገጡም። ልጄ ስትመጣ ከተማ ውስጥ የምትገባበት ቆርቆሮ ቤት የለም፤ የምትገባው እኔው ጎጆ ነው። ወሬኛው ይጠግባል። ይጥገብ።

ፍርሃቱ አለቀቀኝም። በአይሮፕላን ገብታ፣ በደሴ መኪና ተጭና፣ ያንን አቧራ ጨርሳ ደጄ እስክትቆም ድረስ ስልኩ ሲጮኽ መደንገጤ አይቀርም። ከሦስቱ በጎች አንዱን ለርሷ መምጫ ትቼ ሌሎቹን ሲደልቡ እሸጣቸዋለሁ፤ አልቸኩልም። ያን አሞሌ ደግሞ ከቆጥ አወረድሁና በገመድ አስሬ በረቱ ምሰሶ ላይ አንጠለጠልሁት። እናቶቹ በየቀኑ መጥተው ትንሽ ትንሽ ይልሱታል። ለነሱ ለጤናቸው ነው፤ የሚደበቅም ነገር የለበትም።