እድራችን አስካለ ደጅ የተሰበሰበበት ዕለት

የዚያን እሑድ የነበርነው እነዚህ ነን። የእድራችን ዳኛ እትዬ ዘነበች፣ ቅቤ ነጋዴዋ አዴ ፋጡማ፣ ጠላ ሻጯ ብዙነሽ፣ የመምህሩ ሚስት፣ ከላይ ሰፈር የሚመጡት ሁለት እህትማማቾች፣ ስሟ የጠፋኝ አንዲት የዲክሲስ ሴትና እኔ። የመጀመሪያ ልጄም ጀርባዬ ላይ ነበረች፤ እሷን ከቆጠርናት ዘጠኝ እንሆናለን።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ የልጅ ልጄ ናት። እዚሁ አሰላ በጤና ሥራ ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት ከስብሰባ መጥታ፣ ሰው ራሱን እንዳያጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ምን ማድረግ እንዳለበት ሲያስተምሯቸው እንደዋሉ ነገረችኝ። ዝም ያለውን ሄዶ መጠየቅ፣ ብቻውን አለመተው፣ የሚጎዳውን ነገር ማራቅ እያለች በጣቷ ትቆጥራለች።

«እኛም አድርገነው ነበር» አልኳት።

«እማማ ደግሞ! በጃንሆይ ጊዜ ይህን ከየት አወቃችሁት?»

«ካጠፋነው ጥፋት ተምረን» አልኳት። ማን ማን እንደነበረ ጻፊልኝ ብላ ደብተር ሰጠችኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እስከ ሦስተኛ ክፍል ብቻ ብማርም ከእድሩ ሴቶች ማንበብ የምችለው እኔና የመምህሩ ሚስት ነበርን። እሷ ዓይኗን ስለሚያማት መዝገቡ የእኔ ሆነ። ከቅዳሴ መልስ እትዬ ዘነበች ቤት እንሰበሰባለን፤ እኔ ስም እጠራለሁ፤ ያለችው «አቤት» ትላለች። ደንባችን አጭር ነበር። ሦስት ጊዜ በተከታታይ የቀረች ስሟ ይሰረዛል።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ወርቄ የምትባል ጎረቤታችን ሦስት ጊዜ ቀረች። ሰረዝኳት። ለምን ቀረች ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ በገዛ እጇ ሞተች። ከእድር ወጥታለች ተብሎ ድንኳን አልተተከለም፤ አሟሟቷም ነውር ሆኖ ሰው ለቅሶውን በሩቁ አለፈው። ስሟ ላይ ያሰመርኳት መስመር ግን እኔን አላለፈችኝም። ልጄን እያጠባሁ ትታየኝ ነበር።

ክረምቱ ገባ። አስካለ የቅርብ ጎረቤቴ ናት፣ በዕድሜም እኩያዬ። በሰኔ ወር ሁለቱን ልጆቿን ኩፍኝ በአንድ ሳምንት ወስዶባታል። ባሏ ዴራ አካባቢ የመንገድ ሥራ ላይ ነበር። አንድ ጠዋት ወንዝ ውሃ ስንቀዳ እንስራዋን ሳትሞላ ቁጭ አለችና «ሰው ሁሉ ከእኔ በተገላገለ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ግን እንዲህ ያለውን ነገር በአፍ ማንሳት መጋበዝ ነው ይባል ነበር። እኔ ደግሞ ልጄ ተኝታ እንኳ ትንፋሿን ሳላዳምጥ የማላልፍ ፈሪ ነኝ። እንስራዬን አዝዬ ዝም ብዬ ሄድኩ።

ያ እሑድ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነበር። ስም ጠራሁ። «አስካለ!» ስል «አቤት» የሚል ጠፋ። ስትቀር ሦስተኛዋ ነበር። እርሳሱ እጄ ላይ ነው።

«እትዬ፣ ይህችን አልሰርዝም» አልኩ።

«ለምን?»

ወንዝ ዳር የሰማሁትን ተናገርኩ።

«በሥላሴ!» አለች ብዙነሽ። «እስከ ዛሬ አፍሽን ማን ሰፋው?»

«ፈራሁ።»

«ተያት። በወርቄ ጊዜ ሁላችንም ፈርተናል» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ነጠላቸውን እያደገደጉ። «ተነሱ። ሙሉ፣ አንቺ መዝገቡን ያዢ» አሉኝ።

«ስብሰባውስ?» አለች የመምህሩ ሚስት።

«ስብሰባው አስካለ ደጅ ነው።»

የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያደገው ገብስ ዝናብ ጠግቦ ይሸታል። አዴ ፋጡማ ወደ ቤታቸው ታጠፉና ሮጥ ሮጥ እያሉ ደረሱብን፤ ከሻሻቸው ስር አንድ ነገር ደብቀዋል። የአስካለ በር ተዘግቷል፤ ከጣሪያዋም ጭስ አይወጣም። እትዬ ዘነበች በሩን መቱት።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እድሩ ነው።»

«እድር የሚመጣው ሰው ሲሞት ነው። ተሳስታችኋል።»

«ዛሬ ሳትሞቺ መጥተናል። ክፈቺ፣ ዝናብ ጨረሰን!»

ከፈተች። ምድጃው ቀዝቅዟል። ፊቷን ሳየው የሰው ፊት እንዲህ ሊያንስ ይችላል ወይ አልኩ። እትዬ ዘነበች መደቡ ላይ አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ያዙ።

«አስካለ፣ ልጄ፣ ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጣሪያው የሚወርድብን መስሎኝ ነበር።

«አስቤያለሁ» አለች።

«ዛሬም?»

«ዛሬም።»

«እሺ። እንግዲያው ዛሬ አንሄድም።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ልጆቿ ከተቀበሩ ወዲህ ስታለቅስ ያየናት የዚያን ቀን ነው። አዴ ፋጡማም «ማል ታቴ፣ ልጄ? ምን አገኘሽ?» እያሉ የደበቁትን አወጡ። በቅል ያለ ጭኮ ነው፣ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ።

«ጾም ነው እኮ» አለች አስካለ እያለቀሰች።

«ቄሱን እኔ አስፈቅድልሻለሁ!»

እስላሟ አዴ ፋጡማ ከቄስ ፊት ቆመው ታዩንና ሁላችንም ሳቅን። አስካለ አልሳቀችም፤ ግን አንድ ጉርሻ ዋጠች። ቄሱም በኋላ ሲነገራቸው «የታመመ አይጾምም» አሉ።

ከመዝገቡ ጀርባ ቀናቱን ጻፍኩ፤ ለየቀኑ ሁለት ሁለት ሴት። እኔ ማክሰኞና ዓርብ ነበርኩ። ሊጎዳት የሚችለውን ሁሉ ከቤቷ አውጥተን ብዙነሽ ጋ አስቀመጥን። የክሊኒኩ ሕክምና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ እየመጣ እንዲያያት ለመንነው፤ ለባሏ በጭነት መኪና ሹፌር መልእክት ላክን፤ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ቶሎ አልዳነችም። «ዛሬም እናንተ? ቤት የላችሁም?» ብላ የምታባርረን ቀን ነበር። ወጥተን ደጅ ላይ እንቀመጥና ስትበርድ እንገባለን። ከመስቀል በኋላ አንድ እሑድ በራሷ እግር መጣች፣ ያውም አርፍዳ፤ እትዬ ዘነበችም ስለማርፈዷ ተቆጧት።

ደንቡ ተለወጠ። አንድ ጊዜ የቀረች ሴት ቤት፣ በዚያው ዕለት ሁለት ሰው ይሄዳል። የወንዶቹ እድር «ሴቶቹ የቁም እድር አቋቋሙ» ብሎ አሾፈብን። «አዎ፣ ግቡበት!» አሏቸው እትዬ ዘነበች። ዓመት ሳይሞላ ገቡበት። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሼሁም ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ዝም ያለ ጎረቤት እንዳይታለፍ ይናገሩ ጀመር።

ሁሉም ተረፈ አልልም። ያልደረስንላቸው ነበሩ። እኔም ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ብቻ አቅጣጫውን ለወጠ። ያኔ መጠየቅ ነበር የምፈራው፤ ዛሬ የምፈራው ሳልጠይቅ መቅረትን ነው። ልጆቼ የሰው ደጅ ታንኳኪያለሽ እያሉ ይቆጡኛል። ይቆጡ። አንኳኳለሁ።

አስካለ ሌላ ልጅ ወልዳ፣ ባሏ ሥራ ሲያገኝ ወደ ጮሌ ሄደች። ጥቂት ዓመት ደብዳቤ ይመጣልኝ ነበር፤ ኋላ ተቋረጠ። የልጅ ልጄ ይህን ለሰው አስነብባለሁ ስላለችኝ፣ ጮሌና አካባቢው ያላችሁ አንባቢዎች፣ ከአሰላ የሄደች፣ ባሏ የመንገድ ሠራተኛ የነበረ አስካለ የምትባል ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ እሷ ባትኖርም ልጇን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንደሆኑ አሳውቁኝ።