ለዳጉሳ እንጀራ የተጠሩ ሽማግሌዎች

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ባሕር ዳር

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም። «ቡሬ! ፍኖተ ሰላም! አንድ ሰው!» ይላሉ ጠሪዎች፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው ግን አራት ነን። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። በውስጡ የመሮጫ ጫማ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ለእህቴ የገዛሁት ሻሽና በፌስታል የታሰረ የገብስና የሽምብራ ቆሎ አለ። ቆሎው የመንገድ ስንቅ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቴ ነው ብል ይቀለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ተቀምጬ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የተነሣሁት ለምሳና ለሻይ ብቻ ነው። ከሦስት ወር በፊት ሐኪሙ ደሜን አይቶ «ስኳርህ ከፍ ብሏል። ገና በሽታ አልሆነም፣ ግን በር ላይ ቆሟል» አለኝ። ሦስት ወር ሰጠኝ። ምግብ አስተካክል፣ በየቀኑ ተንቀሳቀስ፣ ካልወረደ ኪኒን እንጀምራለን። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ግማሽ ሰዓት እሮጣለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ሩጫ የሚባል አልነበረም፤ ከመብራት ምሰሶ እስከ መብራት ምሰሶ እየተንጠራወዝሁ ሰው ያላየኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገብቷል። ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ለእትዬ አዝመራ አልነገርኋትም። እናታችን ስትሞት ገና ጡት አልጣልሁም ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አባታችንን የወሰደው ደግሞ አልድን ያለ የእግር ቁስል ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቁስሉን ጠዋትና ማታ ታጥብ የነበረችው እሷ ናት። ያኔ ምች ነው ተባለ፤ ዛሬ ሳስበው ስኳር ነበር። ቃሉን በፊቷ ማንሣት ፈራሁ። ሦስት ዓመት ስላላየኋት ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ጥቂት ቀን አብሬያት ሰንብቼ፣ ሩጫዬንም ምግቤንም ሳላበላሽ፣ ምንም ሳልተነፍስ እመለሳለሁ። ዕቅዱ ይህ ነው።

4 ሰዓት፣ ቡሬ

ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ጥሊሊን አልፈን ቡሬ ገባን። ወሩ ጥቅምት ነው፣ በየግቢው ሸራ ላይ ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል። ሾፌራችን ጌትነት ሁለት ጊዜ ካስነጠሰው በኋላ «ቁርስ!» ብሎ ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ አቆመ። የጥብሱ ሽታ ከውጭ ይቀበላል። እኔ ሽሮ በጎመን፣ እንጀራ አንድ ብቻ፣ ሻይ ያለ ስኳር አዘዝሁ።

አስተናጋጇ ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። «ዛሬ ሐሙስ መሆኑን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ የጾም አይነት ነው ያዘዙት።»

ጌትነት ጥብሱን እየጠቀለለ «ተዪው፣ ሐሙስም የሚጾም ገዳም ተከፍቷል» አላት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ጎመኑ በነጭ ሽንኩርት የበሰለ፣ ከነወዙ ደማቅ አረንጓዴ ነው። ከጥብሱ ላይ ዓይኔን ለማንሣት ግን ታገልሁ፣ ልዋሽ አልችልም።

6 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

ከከተማ ወደ ገጠር የሚሄድ ዘመድ ስኳርና ቡና ይዞ ይገባል፤ ደንቡ ነው። ሱቁ በር ላይ ብዙ ቆምሁ። ስኳሩን ብገዛው በቡናና በሻይ ተመልሶ ወደኔ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቡና ገዛሁ፣ በስኳሩ ፈንታ ሁለት ትልልቅ ፓፓያና አንድ ኪሎ ምስር ጨመርሁ። ባለሱቁ «ስኳርስ?» አለኝ። «አለ» ብዬ ዋሸሁ። ባጃጅ ጠጠሩ እስከሚያልቅበት ወሰደኝ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በእግር ሄድሁ። ጤፉ ወደ ቢጫ እየሄደ ነው፣ የዳጉሳው እሸት ጭንቅላቱን አጥፏል። ደስ አለኝ፤ አገሬ መግባቴን እግሬ ቀድሞ ያወቀ ይመስል ነበር።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ እህቴ ቤት

እትዬ አዝመራ ከደጅ አንገቴን አቅፋ ስማኝ ስታበቃ ገፋ አድርጋ አየችኝ። «ወንድም ዓለም፣ ምነው እንዲህ ከሳህ?»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ። ሩጫ ጀምሬ ነው።»

«ማን አሳደደህ?»

ባሏ ጋሽ ልየው ከት ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ያመጣሁትን ዘረገፈችና ቡናውን፣ ምስሩን፣ ፓፓያውን እያነሣች አየች። አንድ ነገር ስትፈልግ ቆይታ ፌስታሉን አጠፈችው።

ማዕዱ ሲቀርብ ነጭ ጤፍ እንጀራ ላይ ዶሮ ወጥ፣ ቅቤው ከላይ ተንሳፎ፣ አጠገቡ የማር ብርዝ። አንድ እንቁላል፣ አንድ ብልት፣ ከእንጀራው ሩቡን በልቼ እጄን ሰበሰብሁ። «በሞቴ!» አለች፤ ጎረስሁ። «በአባታችን አጥንት!» አለች፤ ሁለተኛውን ጎረስሁ። ሦስተኛው ሲመጣ እጇን ያዝሁት። ይባስ ብዬ «እትዬ፣ የዳጉሳ እንጀራ የለም?» አልሁ። ዳጉሳ ሆድ ይይዛል፣ ቶሎ አያስርብም፣ ጠዋት ለሚሮጥ ሰው ይስማማል ብዬ ነው።

«ዳጉሳ?» አለች። «ከእኔ ቤት ዳጉሳ በላሁ ብለህ ልታወራ?» ሌማቱን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች፣ ቶሎም አልወጣችም።

ዓርብ

ጎህ ሲቀድ አንድ እፍኝ ቆሎ ቆርጥሜ ወጣሁ። ከእህቴ ቤት በታች ያለው ሜዳማ እርሻ የአባታችን ነው፤ እሷና ጋሽ ልየው ያርሱታል። ዳር ዳሩ ደረቅና ለሩጫ የተመቸ ድንበር አለው። እየዞርሁ፣ ጥግ ጥጉ ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ስልኬ የቆጠረልኝን እርምጃ አያለሁ። ከብት የሚያወጡ ሰዎች ቆመው ሲያዩኝ እጄን አነሣሁላቸው። አጸፋውን በቀስታ መለሱልኝ።

ዓርብ መሆኑ በጀኝ። ሽምብራ ሽሮ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ጎመን፣ የባቄላ ንፍሮ። እስክጠግብ በላሁ። ብርዙን ግን እንደገና መለስሁ። ማሩ የእሷ ቀፎ ማር ነበር።

ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት

ጠዋት እንደገና ሮጥሁ፣ ቅቤ ያለበት ምሳ ቀርቦልኝ እንደገና መለስሁ። ከምሳ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ግቢ ገቡ። ለሰላምታ መስሎኝ ተነሥቼ ወንበር ሰጠሁ። እህቴ ግን በር ላይ ቆማ ቀረች።

ታላቅየው አባ ጥሩነህ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ባሕር ዳር፣ ስለ መሥሪያ ቤቴ ከጠየቁ በኋላ ከዘራቸውን ተደገፉ።

«ልጄ ይበልጣል፣ የሥጋ ዘመዱ ቤት ገብቶ እህል የሚገፋ ሰው አንድም ታሟል፣ አንድም ተቀይሟል። አንተ ደግሞ ስትሮጥ አይተንሃል፤ የታመመ ሰው እንደዚያ አይሮጥም።»

«አባ፣ ማንን እቀየማለሁ?»

«ተው እንጂ። ስኳር ሳትይዝ መጣህ፣ ዝም አልን። የእህትህን እጅ መለስህ፣ ዝም አልን። ግን ሁለት ቀን ሙሉ በንጋት የአባትህን መሬት ዙሪያውን ስትለካ፣ ጥግ በደረስህ ቁጥር ስልክህ ላይ ስትመዘግብ አገር አየህ።» ትንሽ ጠበቁና ዝቅ ባለ ድምፅ «ስንት ወጣ?» አሉኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ዞር ስል እህቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ይዛለች። ጋሽ ልየው መሬት መሬት እያዩ «ድርሻህን ብትፈልግ እኮ ለእኛ ብትነግረን ይበቃ ነበር» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት አፍሬ አላውቅም። ያሳደገችኝ ሴት፣ ከእጇ ያልጎረስሁት መሬቷን ልነጥቃት ነው ብላ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራለች።

«መሬት አይደለም» አልሁ። «ስኳር ነው። ሐኪሙ ስኳርህ ከፍ ብሏል ብሎኛል። የምሮጠው ለዚያ ነው፣ ቅቤውንና ማሩን የተውሁት ለዚያ ነው። አባታችንን የገደለውም እሱ ይመስለኛል። ልነግርሽ ፈርቼ ነው።»

እትዬ አዝመራ መጥታ ከፊቴ ተንበረከከች። ጫማዬን ፈታች፣ ካልሲዬን አወለቀች፣ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ውስጡን፣ በጣቶቼ መካከል፣ ተረከዜን በአውራ ጣቷ እየጫነች መረመረች። የአባታችንን እግር ትይዝ እንደነበረው እንደያዘችኝ ገባኝና አለቀስሁ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት።

«ያቃጥልሃል?» አለችኝ።

«አያቃጥለኝም።»

«የኔን ያቃጥለኛል» አለች፣ ጫማዬን እየመለሰች። «ዓመት ሆነው። ውኃ ብጠጣ ብጠጣም ጥሜ አይቆርጥም።»

ጋሽ ልየው ራሳቸውን ያዙ። ለዓመት ያህል ከእሳቸውም ደብቃለች። እኔ እሷን እንዳላስደነግጥ ስደብቅ፣ እሷ ከሁላችንም ስትደብቅ ኖራለች።

አባ ጥሩነህ «ለመሆኑ ሐኪሙ ብላ ያለህ ምንድን ነው?» አሉኝ። ቆጠርሁላቸው፤ ዳጉሳ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ እርጎ በመጠኑ፤ ማርና ስኳር የለም፣ ቅቤና ነጭ እንጀራ በልክ።

«እንዲያ ከሆነ እኛ በአዘቦት የምንበላው ነው!» አሉ። «ሐኪም ቤቱ የሚያዝዘውን ደብቃ፣ የሚከለክለውን ስታቀርብልህ ከርማለች በለኛ!» እህቴ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ ከመጣሁ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ጥቁር የዳጉሳ እንጀራ፣ ጎመን፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ እርጎ ቀረበ። እህቴ ለእኔና ለራሷ እኩል አወጣች። ጎረቤት ሲገባ ሌማቱን አልከደነችም።

ሰኞ፣ 2 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

እህል ሳንቀምስ፣ ገና ጤዛው ሳይረግፍ፣ ሁለታችን በእግር ወጣን። ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ዳገቱ ላይ ሦስት ወር የሠለጠንሁት ሯጭ ወደ ኋላ ቀረሁ፤ እሷ ነጠላዋን አደግድጋ «በል እንጂ!» ትለኛለች።

ጤና ጣቢያው ወረፋው ረጅም አልነበረም። ወጣቷ ነርስ የእህቴን ጣት ወጋች፣ መሣሪያውን ጠበቀች፣ ከዚያ እንደገና ለካች። ከፍ ያለ ነው፣ ከእኔም የበለጠ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ኪኒን ጻፈላት። ነርሷ በቀጭን ነገር እግሯን ቦታ ቦታውን እየነካካች «ይሰማዎታል? እዚህስ?» ትላለች። እህቴ አንዱንም ሳታልፍ «አዎ» ትላለች። እኔ ከግድግዳው ተጣብቄ «አዎ»ዋን እቆጥራለሁ።

«እግርዎ ደህና ነው። ቁስልም የለም» አለች ነርሷ። «ባዶ እግርዎን አይሂዱ፣ በየቀኑ ይዩት። በጊዜው ነው የመጡት፣ እናቴ።»

ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እትዬ አዝመራ የኪኒኑን ወረቀት አጥፋ ከደረቷ ሸጎጠች። «አባባን እዚህ ባመጣው ኖሮ» አለች። ያኔ ራሷ ገና ልጅ እግር ነበረች፣ የምታሳድገው እኔም ነበርሁባት። እጇን ያዝሁ፣ አልነጠቀችኝም።

ትንሽ ቆይታ ተነሣችና ነጠላዋን አስተካከለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ምን እንደምበላ፣ መቼ እንደምበላ፣ ስንት ጉርሻ እንደሚበቃኝ የወሰነችው እሷ ናት። አሁን ዘወር ብላ፣ ትንሽ እንደማፈር ብላ አየችኝ።

«በል እንግዲህ ወንድም ዓለም፣ ርቦኛል» አለችኝ። «ምን ልብላ?»