ሦስት ጊዜ ተጠርታ

ባለፈው ሳምንት ጂግጂጋ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የፍርድ ቤት ሠራተኞች ሥልጠና ላይ ነበርኩ። አሠልጣኙ ወጣት የሕግ ባለሙያ ነው። «ፈር ቀዳጅ መዝገቦች» ብሎ ጀመረና የቶጎጫሌዋ መበለት አንድ ስመ ጥር ሽማግሌ የከሰሰችበትን መዝገብ አነበበልን። «ከሳሽ ሦስት ጊዜ ተጠርታ ባለመቅረቧ መዝገቡ ተዘጋ፤ ጉዳዩም በባህላዊ እርቅ አለቀ» ሲል ፊቱ በኩራት በራ። የያዝኩትን ሳምቡሳ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ጠሪው እኔ ነበርኩ።

ነገሩ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ችሎት ደጃፍ ቆሞ ባለጉዳይ መጥራት ነበር። አባቴ ካራማራ ላይ ተዋግቶ እዚሁ የቀረ ወታደር ነው፤ እኔ ግን አፌን የፈታሁት ከሠፈር ልጆች ጋር በሶማልኛ ነው። ድምፄ ከግቢው አልፎ አስፋልቱ ላይ ይሰማል። «ክርስቲያን ሆነብን እንጂ መስጊድ እናስቀጥረው ነበር» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

መበለቲቱ ኤዶ ሀሊማ ትባላለች፤ ባሏ ሲሞት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ግቢዋን ለባሏ ወንድም ፈረዱለት። ወንድምየው ራሱ አገር የሚያስታርቅ የተከበረ ሽማግሌ ነው። ከሽማግሌ ብይን በኋላ ፍርድ ቤት የሄደች ሴት እኛ ዘንድ አልታየችም። እሷ ግን በየቀጠሮው በየኬላው እየተፈተሸች በሚኒባስ ትመጣለች፤ ከፔርሙዟም የግመል ወተት ሻይ ትቀዳልኛለች። ኤዶ አክስቴ እንደማለት ነው፤ እንደ ሶማሌ ወግ እሷም መልሳ ኤዶ ትለኛለች።

«ኤዶ፣ እዚያ ግቢ አራት ልጅ ወልጃለሁ። ዳኛው ይስማኝና ከፈለገ ይፍረድብኝ» ትለኝ ነበር።

በጥር ወር፣ አቧራው ዓይን በማያስገልጥበት አንድ ጠዋት፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ በቀለ ኮሪደር ላይ ያዙኝ።

«ሀሊማን ስትጠራ ቀስ ብለህ። እዚሁ ውስጥ።»

«ደጅ ግራሩ ሥር ተቀምጣለች እኮ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ያን የሚያህል ሽማግሌ ከሴት ጋር ዳኛ ፊት ይቁም? አንተስ የወታደር ልጅ፣ በእነሱ መሀል ምን ጥልቅ አደረገህ? እንጀራህን ጠብቅ።»

ሦስት ጊዜ ጠራሁ፤ ለራሴም በቅጡ በማይሰማኝ ድምፅ። ዳኛው «ተጠርታለች?» አሉኝ። «ተጠርታለች» አልኩ።

ስወጣ ሻሿን ከአቧራ እያራገፈች መጣች። መዝገቡ መዘጋቱን ነገርኳት። አልጮኸችም። ዓይን ዓይኔን እያየች፣

«ጠርተኸኛል፣ ኤዶ?» አለችኝ።

«ጠርቻለሁ።»

«እንግዲያው ጆሮዬ ነው የከዳኝ» ብላ ፔርሙዟን አንስታ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ በቀለን ስረግም ኖሬአለሁ፤ ሽማግሌውንም። እርቅ ሁለቱም ሲቀመጡ ነው፤ አንዷን ግራር ሥር ጎልቶ የምን እርቅ ነው! አፉ ግን የእኔ ነበር። ግቢዋ ዛሬ የሸቀጥ መጋዘን ሆኗል። እሷም እስክትሞት ድረስ «ጆሮዬ ነው ያስፈረደብኝ» ትል እንደነበር ሰማሁ።

አሠልጣኙ «ጥያቄ ያለው?» ሲል ተነሳሁ። ጥያቄ አልነበረኝም። «ከሳሽ ሀሊማ ዋርሳሜ!» ብዬ ባለ በሌለ ድምፄ ጠራሁ፤ ሦስት ጊዜ። በረንዳው ላይ ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሾፌሮች ዞረው አዩኝ።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለ ልጁ ደንግጦ።

«እንዲህ ብጠራት ኖሮ ትሰማኝ ነበር። አልጠራኋትም። ጆሮዋ ደህና ነበር፤ እሱንም ጻፈው» አልኩት።