ፍሬን የማትረግጠው ኦድኒ

በሩቅ ሰሜን፣ ባሕር ዳር ባለችው መንደራችን ኦድኒን የማያውቅ የለም። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ዳገቱ ላይ ባለው ቢጫ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ከሰው ሁሉ የምትለየው ግን በአንድ ነገር ነው፤ ፍሬን አትረግጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ገዛች። መኪናዋ ደግሞ እግርሽን ከነዳጅ መስጫው ስታነሺ፣ ነዳጅ ባይኖራትም እኛ እንደዚያው ነው የምንጠራው፣ ራሷ ቀስ እያለች ትቆማለች፤ እግረ መንገዷንም ባትሪዋን ትሞላለች። ኦድኒ ይህን ያወቀች ቀን ሃይማኖት አደረገችው። ሱቄ ትገባና ደረቷን ነፍታ፣ "ከመስከረም ወዲህ አንዴ ብቻ ነው የረገጥኩት፤ እሱም መንገድ ለዘጋ በግ ነው" ትላለች። የኛ ሰው ማባከን አይወድም፤ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ያደንቃታል። እኔም አድንቄያታለሁ፣ ምን ላድርግ።

የካቲት ላይ ከመኪናዋ ድምፅ መጣ።

"ክርርርር ነው የሚለው" አለችኝ። "አንዳንዴ ደግሞ ሽክ፣ ሽክ፣ ሽክ።" አስመስዬ ደገምኩላት። "አይ፣ ያንቺ የድመት ነው" አለችኝ፤ ተቀየምኩ።

ችግሩ፣ በዚያው ሰሞን ሐኪም የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ሰጥቷታል። ልጇ ሆቫርድ ከከተማ መጣ። ባንክ ነው የሚሠራው፤ ሲናገር ብድር የሚከለክልሽ ነው የሚመስለው። "እማዬ፣ ድምፁ የመሣሪያው ነው። ዕድሜሽም ነው። ሰው ሳትገጪ ቁልፉን ብትሰጪኝ ምን ይመስልሻል?"

ቁልፉ ለኦድኒ ቀላል ነገር አይደለም። እህቷ ጉድላውግ ከባሕሩ ማዶ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ናት። ኦድኒ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን ጀልባ ላይ ጭና ትሻገርና ጸጉሯን ታበጥርላታለች። ጉድላውግ ሌላ ሰው እንዲነካት አትፈቅድም። አውቶቡሱ ደግሞ ቅዳሜ የለም።

"እሺ" አለችው ኦድኒ። "ቅዳሜ አብረኸኝ እስከ ጀልባው ትወርዳለህ። ምንም ካልሰማህ ቁልፉን ውሰድ።" ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ "አንቺም ትመጫለሽ። አፍሽን አላምነውም፤ ጆሮሽ ግን ግድግዳ አልፎ እንደሚሰማ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።"

ቅዳሜ ጠዋት ሆቫርድ በረዶው ላይ ተንበርክኮ በስልኩ መብራት በጎማው ቸርኬ ቀዳዳ አጮለቀ። "ይኸው! የፍሬን ሸራው እንደ ዳቦ ቁራጭ ወፍራም ነው። ቶርጌርም ባለፈው ደህና ነው ብሎሻል።" ቶርጌር የመንደራችን መካኒክ ነው፤ ሸራው ደግሞ ፍሬን ሲረገጥ ተጣብቆ ጎማውን የሚያቆመው። "ደግሞስ እማዬ፣ ፍሬን የማትረግጥ ሴት ሸራ እንዴት ያልቅባታል?"

ኦድኒ ጎማውን በእግሯ ነካ አደረገች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። እውነቱን ነዋ! የማይረገጥ ነገር እንዴት ያልቃል?

"ታዲያ የሚጮኸው ማነው?" አለች ኦድኒ።

"ጆሮሽ።"

ተነሳን። ኦድኒ እየነዳች መሣሪያውን ካንድ ጆሮዋ አወጣች። "አሁንም አለ። ትንሽ ቀነሰ።"

"ቀነሰ? እንግዲያው ከመሣሪያው ነው!"

"ከመሣሪያው ቢሆን ይጠፋ ነበር እንጂ ይቀንሳል?"

"አንዱን ብቻ ነው ያወጣሽው!"

"ሁለቱንም ላውጣና የምትለውን እንዳልሰማህ? ደስ ይለኛል።"

እኔ ኋላ ተቀምጬ መጨረሻ የተናገረው ሁሉ ልክ ይመስለኛል።

መንገዱ ተራራውን ሰርስሮ የሚያልፍበት ዋሻ ጋ ስንደርስ ኦድኒ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተች። ግድግዳው ድምፅ ይመልሳል ብላ ነው። በዚያ ብርድ! ሆቫርድ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ነፋስ ነው፣ ነፋስ ነው የምሰማው" ይላል። ኦድኒ "ከግራ! ከፊት!" ትላለች። እኔ ክርርር የሚል ነገር ሰማሁ፤ ከጎማው ይሁን ከጥርሴ ግን እንጃ።

"ሰማሽ?" አለችኝ።

"የሆነ ነገር…"

"ያው፣ ምንም ማለት ነው" አለ ሆቫርድ፤ መስኮቱን ዘጋና እጁን ለቁልፉ ዘረጋ። "ጀልባው ጋ ትሰጪኛለሽ።"

ከዋሻው እንደወጣን ወደ ጀልባው የሚወርደው ቁልቁለት ይጀምራል። ኦድኒ እንደልማዷ እግሯን አነሳች። መኪናዋ ግን አልያዘችም። ጭራሽ ፈጠነች።

ምክንያቱን ኋላ ነው የሰማነው። ሆቫርድ መንገድ ላይ እንዳትቀሪ ብሎ ባትሪውን ጢም አድርጎ አስሞልቷት ኖሯል። የሞላ ባትሪ ደግሞ ምንም አይቀበልም፤ ካልተቀበለ መኪናዋ ራሷን አትይዝም። ያን ጊዜ ግን ማን ያውቃል? ሦስታችንም አፋችንን ከፍተን ቁልቁል።

"እማዬ፣ ፍሬን!"

"ፍሬን?" አለች፤ የረሳችው ዘመድ ስም የተጠራባት ይመስል። ከዚያ ረገጠችው።

አቤት ጩኸት! ብረት በብረት ላይ፣ ግርርርርር! መሪው እጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ግራ ጎተተች። መኪና ጀልባው ላይ የሚያስገባው ሠራተኛ ከነብርቱካናማ ካፖርቱ ዘሎ ከመንገዱ ወጣ፤ እኛም የተዛቀ በረዶ ክምር ውስጥ ተሰክተን ቆምን።

ኦድኒ ቀስ ብላ ወደ ልጇ ዞረች።

"ሰማህ?"

ሆቫርድ ኮፍያው ዓይኑ ላይ ወርዶ፣ "…ሰማሁ" አለ።

ያን ቀን ጉድላውግ ጸጉሯ ሳይበጠር ዋለ።

ጋራዥ ተጎትተን ሄድን። ቶርጌር የግራውን ጎማ አወለቀ። በውጭ በኩል ያለው ሸራ፣ ሆቫርድ ያጮለቀበት፣ እውነትም ወፍራም ነው። በውስጥ በኩል ያለው ጥንዱ ግን የለም። አልቆ የሸራው መያዣ ብረት ብቻ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ሲፈገፍግ ከርሟል። ቶርጌር ራሱን አከከ። "እኔም ከውጭ ብቻ ነበር ያየሁት።"

"ሳልረግጠው አለቀ?" አለች ኦድኒ።

"ስላልረገጥሽው ነው ያለቀው። በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ሸራውን የያዘውን ብረት አዛገው፤ ዛገና ሸራው ዲስኩ ላይ ተጣበቀ። ከተጣበቀ ወዲህ አንቺ ብትረግጪም ባትረግጪም እሱ ሲፈገፍግ ይውላል። ሲጮህ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ወደ አንድ ጎን ሲስብ ጎማውን አስወልቆ ማየት ነው።"

"ቆይ" አለ ሆቫርድ። "ያልተጠቀመችበት ነገር ስላልተጠቀመችበት አለቀ?"

"አዎ።"

"እንዴት?"

ቶርጌር መልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሆቫርድ መልሶ አልገባውም። እኔም ለደንበኛ ሁሉ ሳወራ አንዱን ቦታ ሁልጊዜ እስታለሁ።

ሸራውና ዲስኩ ተቀይሮ ሲያልቅ ቶርጌር ቁልፉን ዘረጋ። እናትም ልጅም እኩል እጃቸውን ሰደዱ። ቶርጌር ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገብቶት መሃል አየር ላይ ያዘው። ሆቫርድ እናቱን አየ፣ ጆሮዋን አየ፣ ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ።

"የፊታችን ቅዳሜ አክስቴ ጋ አብሬሽ ልሂድ?"

"ከኋላ ትቀመጣለህ" አለችው።

አሁን ኦድኒ፣ ዝገት እንዳይዘው ሰው በሌለበት አንዳንዴ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገሽ ርገጪ ስለተባለች፣ ሱቄ በር ላይ በደረሰች ቁጥር ድንገት ትረግጣለች። ሲጢጥ! ለምን እዚህ ብላት፣ "ሰው አንቺ ብቻ ነሽ" አለችኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና እስካሁን አልገባኝም።

ትናንት ደግሞ ሆቫርድ ከከተማ ደወለልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስሚ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት። የኔም መኪና የሆነ ነገር ትላለች። ወይስ ጆሮዬ ነው?"

"መስኮትህን ክፈትና ዋሻ ግባ" አልኩት።