በስንጥቅ የተረሳ ቁራጭ ጨርቅ

ሰፈሩ ግድግዳ ለኪዋ ይላታል። ሜትር ይዛ ግን አታውቅም። የምትይዘው ቁራጭ ጨርቅ ነው።

ሥራዋ የልብስ ፎቶ ማንሳት ነው። ታላቅ እህቷ ትሰፋለች፣ ረጅሟ የሚሏት የጎረቤት ልጅ ትለብሳለች፣ እሷ ታነሳለች። ልብሱ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ቦታ መፈለግ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ቤት እንደ መጥረግ ነው ባይ ናት። ስለዚህ እህቷ መቀስ ስታነሳ አጠገቧ ትቀመጣለች፤ ከወለሉ ላይ ቁራጭ ለቅማ ትወጣለች። ከዚያ ከተማው ይፈተናል። ጨርቁን ከግድግዳ ታስጠጋለች፣ ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ይበላዋል» ካለች ግድግዳው የልብሱን ቀለም ይውጠዋል ማለት ነው፤ ትሄዳለች። «ያወጣዋል» ካለች ትቀመጣለች፤ ፀሐይ እስክትዞር ትጠብቃለች።

ሰው አይወዳትም። እሷም ሰው አትወድም። ዘበኞች ያባርሯታል፣ ሾፌሮች ይሰድቧታል። አንድ ቀን ከውሃ ቦዩ ማዶ ያለች ሴትዮ ከቤት አፍራሾች የተላከች መስሏት የዕቃ እጣቢ ደፋችባት።

«ለክተሽ ስትጨርሺ ቀይ ቀለም ልትቀቢን ነው አይደል?»

«ፎቶ ላነሳ ነው፣ እናቴ።»

«የኔን አጥር? ምን ይረባና! ሁለተኛ እዚህ ድርሽ ብትይ የሚቀጥለው ፍል ውሃ ነው!»

ሁሉም የሚነሳበት አደባባይ፣ ፏፏቴው፣ መስታወታሙ ሆቴል፣ እነዚህ ጋ አትደርስም። «ሰው በልቶ የተነሳበት ሳህን» ትላቸዋለች። የምትፈልገው ሰው ሁሉ የሚያልፍበትን፣ ማንም የማያየውን ጥግ ነው።

ጥግ ስታገኝ ቁራጩን ብርሃኑ የሚያርፍበት ስንጥቅ ውስጥ ትሰካዋለች። በነጋታው ረጅሟ ትከሻዋን ከቁራጩ ሥር አድርጋ ትቆማለች። ሥራው ሲያልቅ ቁራጩን መንቀል ነበረባት። አትነቅልም። ብርሃኑ ሳይሄድ ለመጨረስ ትጣደፋለች፣ ከዚያ ዘበኛ ይመጣል፣ ከዚያ ትረሳዋለች። እህቷ ይህን አታውቅም ነበር።

እህቷ ሥራ የጀመረችው በአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ የተማሪ ዩኒፎርም እያጠበበችና ዚፕ እየቀየረች ነው። አሁንም ከዚያ ደረጃ ሥር አልወጣችም። ዘንድሮ ግን በራሷ ቅድ፣ የዝገት ቀለም ካለው ጨርቅ፣ ብዙ ቀሚሶች መስፋት ጀመረች። የትልቁ ልብስ መደብር ባለቤት፣ ባለሱቁ የሚሉት፣ ናሙናውን አየና ወደ መንገድ የሚያየውን የማሳያ መስኮቱን ሊሰጣት ተስማማ። ቀሚሶቹ ይሰቀላሉ፤ ከጀርባቸው ትልልቅ ፎቶ ይንጠለጠላል። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀ።

«ጨርቅ የትም አለ» አለ። «እኔ የምፈልገው መንገደኛው ቆሞ ‹ይሄ የት ነው?› እንዲል ነው። ሌላ ሰው የተነሳበት ቦታ ይዛችሁ ከመጣችሁ መስኮቱን እርሱት።»

ማታ እህቷ «እንዳታበላሺብኝ» አለቻት።

ቦታው ተገኘ። ከተዘጋ ጋራዥ ጀርባ፣ አረንጓዴ ቀለሙ እንደ ካርታ የተላጠ ግድግዳና ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ። ጋራዡ ውስጥ አንድ ጡረተኛ መካኒክ ከውሻው ጋር ይኖራል።

«ምን ፈለግሽ?»

«ግድግዳዎን ላየው ብዬ ነው፣ አባባ።»

«አየሽው። ሂጂ።»

ሄደች። ተመለሰች። ሰደባት። ተመለሰች። በመጨረሻ ረጅሟን ይዛ ስትመጣ ሰልችቶት ፈቀደ። «አንቺና ያቺ ቀጭኔ ብቻ» አለ። «ሌላ ሰው ካየሁ ውሻውን ነው የምፈታው።»

ቁራጩን ሰካች። ቀሚሶቹ እስኪያልቁ መጠበቅ ነበር የቀረው።

ረጅሟ ስልኳን ይዛ እየሮጠች የመጣችው ቀሚሶቹ እጅጌ ብቻ ሲቀራቸው ነው።

«ይሄ የኛ ጨርቅ አይደል?»

ስልኩ ላይ አረንጓዴው ግድግዳ አለ። ፊት ለፊቱ ቢጫ የለበሰች፣ የማያውቋት ልጅ ቆማለች። ከትከሻዋ በላይ፣ ከስንጥቁ ውስጥ፣ የዝገት ቀለም ያለው ቁራጭ ምላሱን አውጥቷል። ፎቶውን የለጠፈው ሌላው የሰፈሩ ፎቶ አንሺ፣ ባለጃንጥላው ነው። የፎቶ ብርሃን ማለስለሻ ጃንጥላ ተሸክሞ ስለሚዞር የወጣለት ስም ነው፤ በሙያው ከእሷ የሚበልጥበት አንድ ነገር ሰው ማሳቅ መቻሉ ነው።

ጋራዡ ጋ ስትደርስ ባለጃንጥላው እዚያው ነበር። ጡረተኛው ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ረጅም ካፖርት ለብሷል። አንድ እጁን የብረት ደረጃው ላይ ጭኖ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ቆሟል። ውሻው እግሩ ሥር ተኝቷል።

«አባባ፣ ከኔ ሌላ ሰው እንደማይገባ ተነጋግረን አልነበር?»

«ትንሽ ዞር በይ፣ ብርሃን ከለከልሽኝ» አለ ጡረተኛው።

ባለጃንጥላው ሳቀ። «እህቴ፣ ምን ያስቆጣሻል? እኔ እኮ ቦታ አልፈልግም። ቦታ ፍለጋ እግር ያሳብጣል። አንቺ ትፈልጊያለሽ፣ እኔ ጨርቅሽን እከተላለሁ። የቦዩ ድልድይ፣ የማተሚያ ቤቱ በር፣ ሁሉም ላይ እየሰካሽልኝ አይደል የሄድሽው? እግዜር ይስጥሽ።»

«ሌባ!»

«ምን ሰረቅኩ? ግድግዳው እንዳለ ነው።»

ወደ ጡረተኛው ዞረች። «እርስዎስ? ቃልዎ ይሄ ነው?»

ሰውዬው እጁን ከብረቱ ላይ አወረደ። «አንቺ ስንት ቀን መጣሽ? ቀለሙን አየሽ፣ ዝገቱን አየሽ፣ ስንጥቁን ዳሰስሽ። አንድ ቀን ‹እስቲ እዚህ ጋ ይቁሙ› አላልሽኝም። እሱ በመጣ ቀን ነው ያቆመኝ።» ከዚያ ወደ ውሻው ጎንበስ አለ። «በይ ውጪ፣ ሳልፈታው።»

ወጣች።

እህቷ ነገሩን የሰማችው ከረጅሟ ነው። ማሽኑን አቆመች።

«ከኔ ወለል ላይ ያነሳሽውን ነው ለሱ መንገድ ጠቋሚ ያደረግሽለት?»

«ረስቼው ነው፣ እታለም።»

«እኔ መርፌ ብረሳ ሰው ይወጋል። ስለዚህ አልረሳም። አንቺ ምን ትረሻለሽ? እንጀራዬን!»

«እኔስ ስዞር የምውለው ለማን ነው? ለራሴ ነው?»

«ለግድግዳ ነው! ሰው ብትወጂ ኖሮ ያ ሽማግሌ አሳልፎ አይሰጥሽም ነበር።»

ረጅሟ ቀስ ብላ በሩን ዘጋች፤ ከውጭ በኩል።

ባለሱቁ ደወለ። የባለጃንጥላውን ፎቶ አይቷል። «ግድግዳው የሁሉም ሆኗል» አለ። «እስከ ቅዳሜ ሌላ ካላመጣችሁ መስኮቱን የሚፈልግ ሞልቷል።» ዘጋው።

እህቷ መቀሱን አነሳች። ከመልካሙ ጨርቅ፣ ለመጨረሻው ቀሚስ መቀነት ካስቀመጠችው ላይ፣ ቁራጭ በቁራጭ መቁረጥ ጀመረች። በእጇ ሙሉ አድርጋ ወረወረችላት።

«ምን ላድርገው?»

«ጨርቅ አይደል የሚከተለው? ይከተላ።»

በዚያው ቀን ወጥታ ሰካች። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የማይደርስበት ሰርጥ ውስጥ ሰካች። ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ፣ አፍንጫ ተይዞ የሚታለፍበት አጥር ላይ ሰካች። ከሁሉ አስበልጣ ከቦዩ ማዶ፣ እጣቢ የሚደፋበት አጥር ላይ ሰካች። እዚያ ሁለት ሰካች።

ባለጃንጥላው ተከተለ። ቆዳ ፋብሪካው ጋ አንዲት ደንበኛውን ሽታው አስመለሳት። ሐሙስ ደግሞ ሙሽራና ሚዜዎቿን ይዞ ከቦዩ ማዶ ጃንጥላውን ዘረጋ። ሴትዮዋ አጥሯን የሚዳስስ ሰው አየች። የተናገረችውን አልረሳችም ነበር፤ ደግነቱ ውሃው ገና አልፈላም። ያ ጃንጥላ ለብርሃን እንጂ ለውሃ አልተሠራም። ሙሽራዋ የተናገረችውን ረጅሟ ከሰው ሰምታ ሦስቴ ደግማ ተረከችው። እህትማማቾቹ አልሳቁም። ቦታ ገና አልነበራቸውም።

ቦታው የተገኘው ቀን እንዲጨምርላቸው ባለሱቁን ልትለምን መደብሩ ስትሄድ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ የፊቱ ደረጃ እየታጠበ ነው። ዘበኛው በኋላ በር አስገባት። የኋላው ደረጃ ባዶ ካርቶን ታጭቆበታል። ወደ ጎን ብላ እየተሹለከለከች ስትወጣ በሽቦ የተሸመነ የመስኮት መስታወት አየች፤ አቧራው ብርሃኑን አለስልሶታል። ከካርቶኑ በላይ የሚታየው ግድግዳ ሰማያዊ ነበር። ከስንት ዘመን በፊት ተቀብቶ፣ የሰው ትከሻ እየታከከው በአንድ መስመር የነጣ።

ቁራጩን አወጣች። አስጠጋች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

ልመናዋን ትታ ወረደች።

በነጋታው ያለቁትን ቀሚሶች ይዛ ረጅሟን አመጣች። ካርቶኑን ደረጃ በደረጃ አወረዱ፣ ፎቶ አነሱ፣ መልሰው ከመሩ። ረጅሟ ጥፍሯ ተሰበረ፤ ተራገመች። ቁራጩ በዚህ ጊዜ ስንጥቅ ውስጥ አልገባም። ግድግዳ ለኪዋ ሙሉውን ጊዜ በጥርሷ ይዛው ነበር።

ቅዳሜ እህትማማቾቹ በፊቱ ደረጃ ወጡ። ባለሱቁ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«ይሄ የት ነው?»

«አይነገርም፣ ጋሼ።»

«ከከተማ ወጥታችሁ ነው?»

«አይነገርም አልኩዎት እኮ።»

«እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ማንም አያታልለኝም።» አንዱን ፎቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው። «የድሮ ቤተ መንግሥት ነገር ይመስላል። ሌላ ሰው ያውቀዋል?»

«የሚያልፍበት ብዙ ነው» አለች ለኪዋ። «የሚያየው የለም።»

«ጎበዝ። ሰኞ ይሰቀላል።» ከዚያ ወደ ጓዳው ጮኸ፤ «አንተ! አዲሱን ዕቃ ስታራግፍ ካርቶኑን ከኋላው ደረጃ ላይ ጣለው፣ መደብሩን አታጣብብብኝ!»

ሲወጡ እሷ ወደ ኋላው በር መራች። እህቷ የመጀመሪያውን ደረጃ ወርዳ ቆመች። የነጣውን መስመር አየች። መስታወቱን አየች። አፏን ከፈተች።

«ዝም ብለሽ ውረጂ» አለቻት።

ከላይ ካርቶን መውደቅ ጀመረ፤ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ሰማያዊው እስኪሸፈን። እህቷ ጣቶቿን በግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ እየሰደደች ወረደች። ምንም አላገኘችም። ከታች በሩ ጋ ስትደርስ መዳፏን ዘረጋች።

«ቁራጩስ?»

ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት። እህቷ ቆጥራ የያዘች ይመስል አገላብጣ አየችውና በጡቷ ሥር፣ መርፌዋን ከምታኖርበት፣ ሸጎጠችው።

«ካሁን በኋላ ወለሉን የምጠርገው እኔ ነኝ» አለች።